ገጽ አርባ አንድ

ሚኒስትር አይንተባተብም። በአካል ሲንተባተብ ያየ አለ፤ ላብ ያጠምቀዋል፣ የጀመረውን ይረሳል፣ የማይሆን ነገር ያመልጠዋል። በወረቀት ላይ ግን እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ብሎ ይወርዳል። ይህ በራሱ የሚሆን አይደለም። ከምክር ቤቱ አዳራሽ ጀርባ፣ መስኮቷ በማይከፈት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ስድስት ጸሐፊዎች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው የተባለውን ሁሉ ሲያጥቡ ስለሚውሉ ነው። ከስድስቱ አንደኛዋን ባልደረቦቿ ወንፊት ይሏታል። ገለባ አታሳልፍም ለማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከእጇ ወጥቶ ለእርማት የተመለሰ ገጽ የለም። ትኮራበት ነበር፤ ኩራቷንም አትደብቅም።

ሥራው የራሱ ሕግ አለው። "እእእ" ይወጣል። የተደጋገመ ይወጣል። ተናጋሪው "ላስተካክል" ካለ ደግሞ የቀደመው ይቀርና የተስተካከለው ብቻ ይጻፋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለእኛ ለተራዎቹ ነው፤ እዚያ ቤት ከአፍ የወጣም ይመለሳል። በየገጹ ግርጌ ጸሐፊዋ የምትፈርምባት አንዲት መስመር አለች፦ "ከላይ የሰፈረው በጉባኤው የተነገረው ነው፤ የተጨመረም የተቀነሰም የለም።" ወንፊት በዓመት ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ትፈርምባታለች። ቆም ብላ ያነበበቻት ቀን ግን አልነበረም።

አንድ ታናሽ ወንድም አላት፤ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እናታቸው ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። የመናኸሪያ ሰው ጥሩምባ ይለዋል፤ በየኩርባው፣ በየድልድዩ፣ ፍየል ባየ ቁጥር ሳይቀር ስለሚነፋ። ተሳፋሪ ሲያማርር "ጆሮህ ቢታመም ይሻላል፣ እናትህ ከምታለቅስ" ይል ነበር። ከአራት ወር በፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሚሄድበት ድልድይ መሐል ላይ ከዳው። አስራ ዘጠኝ ሰው ወንዝ ውስጥ ቀረ። እሱ በመስኮት ሁለት ሕፃናት ይዞ ወጣ፤ ለሦስተኛው ሲመለስ አውቶቡሱ ተገልብጦ ነበር። ከሆስፒታል አልጋው በቀጥታ ወደ እስር ቤት ወሰዱት። ክሱ፣ ከልክ በላይ ጭኖ፣ ከልክ በላይ ሲበር ድልድዩን ሰበረው የሚል ነው።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። የአውቶቡሱ ባለቤት "ድሮም ይበር ነበር" አለ። ጋዜጣው "ገዳዩ ሹፌር" አለ። መጀመሪያ ሰሞን ጥሩምባ ይቆጣ፣ ይሟገት ነበር። ኋላ ግን ልትጠይቀው በሄደች ቁጥር ድምፁ እየቀነሰ መጣ።

"እታለም" አላት አንድ እሑድ፣ በሽቦው ማዶ ቆሞ፤ "እንጃ እኮ። በርሬ ይሆን እንዴ?"

"አንተ? አንተ ትበራለህ? ኤሊ ቀድማህ አይደል የምትሄደው!"

"ሁሉም በረሃል ሲሉኝ እግሬ ራሱ ይጠራጠረኛል። ሌሊት ሌሊት መሪውን እይዝና ፍጥነት መቁጠሪያው ላይ ስንት ይል እንደነበር ለማየት አንገቴን አሰግጋለሁ። አይታየኝም።"

በዚያ ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ በመንገድ ላይ አለቀሰች። ጠበቃውም ነገሩን በአጭሩ ነግሯታል፦ ድልድዩ መሰንጠቁን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ከአደጋው በፊት ያውቅ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ሕጋዊ ወረቀት ከተገኘ ክሱ ይገለበጣል፤ ካልተገኘ ግን ዘጠኝ ዓመት አይቀርለትም።

እንግዲህ ሚኒስትሮቹ ለጥያቄ የሚቀርቡበት ቀን ደረሰ። ጸሐፊዎቹ አዳራሹ ውስጥ በየአስር ደቂቃው እየተፈራረቁ ይገባሉ፤ ተረኛዋ ከመድረኩ ሥር ቁጭ ብላ ማን እንደተናገረ ትይዝና ወጥታ ከመቅረጫው እየሰማች ትጽፋለች። ወንፊት ጀርባዋን የሚያማትን ባልደረባዋን "አንቺ አረፍ በይ፣ የትራንስፖርቱን እኔ ልግባልሽ" አለቻት። ምስኪኗ መረቀቻት። የሹፌሩ እህት መሆኗን በዚያ ቤት ማንም አያውቅም፤ ብታሳውቅ ከወንበሯ ያነሷታል።

መጀመሪያ የአካባቢ ጥበቃው ቀረቡ። ወንዙን ስለሚያጠቁረው የቆዳ ፋብሪካ ሲጠየቁ ጥናት እየተጠና ነው አሉ፤ አምናም እየተጠና ነበር። የሕዝብ ደኅንነቱ ተከተሉ፤ ከአደጋው ወዲህ በየድልድዩ ሁለት ሁለት ፖሊስ መቆሙን በኩራት ተናገሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ጋዜጠኞቹ የሚፈልጉትን የነዳጅ ዋጋ ጥያቄ ሰምተው ስለነበር ለምሳ ወጡ። የቀጥታ ስርጭት የሚባል ነገር እዚያ አዳራሽ ገና አልገባም። ግማሹ የምክር ቤት አባል በቁሙ፣ ይቅርታ፣ ቁጭ ባለበት አንቀላፍቷል።

ወንፊት የገባችው ያኔ ነው። የወንዙን ወረዳ የወከሉት ጡረተኛ መምህር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተነሡ።

"ክቡር ሚኒስትር፣ የዚያ ድልድይ የምርመራ ሪፖርት መቼ ነው የደረስዎት?"

የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ደክሟቸዋል፤ እርቧቸዋልም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ሰዓታቸውን እያዩ መለሱ።

"ሪፖርቱ እንኳ ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። መሐለኛው ምሰሶ መሰንጠቁን እናውቃለን፤ እንደው የጥገናው ተራ..."

ከኋላቸው አማካሪያቸው እሳት እንደነካው ሰው ተስፈንጥሮ ወረቀት አቀበላቸው። ሚኒስትሩ አነበቡ፤ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ላስተካክል። ሪፖርቱ የደረሰን ከአደጋው በኋላ ነው።"

ጡረተኛው መምህር በዚያች ደቂቃ አንገታቸውን ደፍተው ሁለተኛ ጥያቄያቸውን ከወረቀቶቻቸው መካከል ይፈልጉ ነበር። አፈ ጉባኤው ቀጣዩን ጠሩ። ወንፊት ግን ሰምታለች። ወንድሟ ከዚያ ሽቦ ወዲህ ሲወጣ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ሰፈር ሲገባ፣ ሁሉም ታያት።

ተራዋ ሲያበቃ ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ተመለሰች። አራሚው፣ ሥራውን ያስተማሯት ሽማግሌ፣ በር ላይ ቁጭ ብለው የሚገባ የሚወጣውን ያያሉ። ፊቷ ላይ አንድ ነገር እንዳያነቡባት ፈራች። "እንደ ሌላው ቀን ሁኚ" አለች ለራሷ፤ "እንደ ሌላው ቀን ጻፊ።" ማዳመጫውን ደፋች። ልቧ ለጠበቃው የምትነግረውን እያዘጋጀ፣ ጣቶቿ እንደ ሌላው ቀን ሮጡ። አራት ገጽ ጻፈች፤ አራቱም ግርጌ ላይ ፈረመች።

ጸሐፊ የራሷን ገጽ መልሳ አታነብም፤ ይህም የቤቱ ሕግ ነው። ገጿ ለሌላ ይሰጣል፤ ሌላዋ ከመቅረጫው ጋር ታስተያያለች። ያቺ ጀርባዋን የሚያማት ባልደረባዋ አስተያይታ "ንጹህ ነው፤ ያንቺ መቼ ያስቸግራል" አለቻት። ወንፊት ወጥታ ከደረጃው ሥር ለጠበቃው ደወለች።

"ሚኒስትሩ አመኑ" አለችው በሹክሹክታ። "በአንደበታቸው። ገጽ አርባ አንድ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"በጆሮዬ ሰምቼ፣ በእጄ ጽፌ!"

ጠበቃው አስጠነቀቃት፤ ቃለ ጉባኤው እስኪታተም ገጿን እንዳትነካ፣ እንዳትጠይቅ፣ ዞር ብላም እንዳታየው። ኋላ የሹፌሩ እህት ነካካችው እንዳይባል። እሷም ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከመዝገቡ መደርደሪያ ራቀች። እሑድ ለጥሩምባ ነገረችው፤ ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየችው። በአሥረኛው ቀን አፈ ጉባኤው ቃለ ጉባኤውን አጸደቁ፤ ማኅተም ተመታ። ማኅተም ከተመታ በኋላ ድምፁ ይጠፋል፤ መቅረጫው ቦታ የለውም፣ በላዩ ሌላ ጉባኤ ይቀዳበታል።

በማግስቱ ጠበቃው ማመልከቻ አስገብቶ የተረጋገጠ ቅጂ ወሰደ። ከምክር ቤቱ ማዶ ባለ የፎቶ ኮፒ ቤት ተገናኙ። ገጽ አርባ አንድን ገለጠላት። ጣቷን መስመሩ ላይ ልታሳርፍ ዘረጋች፤ ጣቷ ማረፊያ አጣ።

"ክቡር ሚኒስትር፦ ሪፖርቱ የደረሰን ከአደጋው በኋላ ነው።"

ከዚያ በላይ ጥያቄው አለ። ከዚያ በታች ቀጣዩ ጥያቄ አለ። ግርጌው ላይ ፊርማዋ አለ፤ ደማቅ፣ የማያሻማ።

"ማነው ያወጣው?" አለ ጠበቃው። "አማካሪው ነው? አራሚው ናቸው?"

ማንም አላወጣውም ነበር። ማንም አልደወለም፣ ማንም አላስፈራራም፣ ማንም አልለመነም። ለሃያ ሁለት ዓመት "ላስተካክል" ሲባል የቀደመውን የጣለ እጅ እንደ ልማዱ ጣለው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ልቧ ለወንድሟ ሲዘል ጣቶቿ ለሚኒስትሩ ይሠሩ ነበር።

ወደ አራሚው ሮጠች፤ እውነቱንም ነገረቻቸው።

"እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ" አሉ ሽማግሌው። "በሕጉ ነው የጻፍሽው። ምን ብዬ ልመልሰው ልጄ?"

"ጋሼ፣ ድምፁስ?"

"ትናንት በማኅተሙ ሰዓት ጠፋ።"

ባልደረባዋ ሰምታው ነበር፤ አስተያይታዋለችና መስማቷ አይቀርም። ስትጠየቅ ግን ዓይኗን ወደ ወለሉ ሰበረች። "እኔ በቀን አርባ ገጽ ነው የማየው፤ የቱን አስታውሼ? ደግሞም ልጆች አሉኝ" አለች። ጡረተኛው መምህር ደግሞ እንደ ጨዋ ሰው እውነቱን ተናገሩ፦ "አንድ ነገር ያሉ መስሎኝ ነበር፤ ግን አልምልበትም።"

የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ከሥራ እንደምትባረር እያወቀች ፍርድ ቤት ቀርባ ማለች፤ የሰማችውን አንድም ቃል ሳታስቀር ተናገረች። ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ አልጮኸባትም፣ አላንጓጠጣትም። ገጽ አርባ አንድን ብቻ አቀበላት።

"ከግርጌው ያለውን ያንብቡልን ወይዘሮ።"

አነበበች። "ከላይ የሰፈረው በጉባኤው የተነገረው ነው፤ የተጨመረም የተቀነሰም የለም።" በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ፊርማው የማን ነው?"

"የእኔ።"

"ተከሳሹ ምንዎ ነው?"

"ወንድሜ። ልጄም ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት።"

"እንግዲያው የዋሹት መቼ ነው፣ ሲፈርሙ ወይስ ዛሬ?"

"ስፈርም" አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም፤ ዳኛው ድገሚው አሏት፣ ደገመችው። አዳራሹ ውስጥ የሟች ዘመዶች ተንጫጩ። አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት "አሁን ደግሞ በውሸት ልታስፈታው ነው!" ብለው ጮኹ፤ ወንፊት ልትጠላቸው አልቻለችም።

ዘጠኝ ዓመት ተፈረደ። ዳኛው ወጡ፣ ሕዝቡ ወጣ። ጥሩምባን የሚያወጣው ፖሊስ ደግ ሰው ነበርና እሷ የተቀመጠችበት አግዳሚ ጋ ሲደርሱ ለአፍታ አቆመው። ወንፊት ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

"ይቅር በለኝ" አለችው። "በገዛ እጄ ነው የቀበርኩህ።"

ጥሩምባ ስለ እጇ አልጠየቃትም። ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

"እታለም፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔን ለማዳን ብለሽ አይደለም? በጆሮሽ ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ተሰንጥቆ ነበር አሉ?"

"መሐለኛው ምሰሶ። እናውቃለን አሉ፤ ከክረምቱ በፊት።"

ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰ። ካቴና ያለበት እጁ መሪ እንደያዘ ሁሉ ተጨበጠ።

"አልበረርኩም ማለት ነው" አለ።

"አልበረርክም፣ ወንድምዓለም።"

"እንደገና በይው እስቲ።"

ደገመችለት። የችሎቱ ጸሐፊ ግን የጽሕፈት መኪናዋን ሸፍና፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ወደ በሩ እየሄደች ነበር።