ያስተካከልኩት ቢም

ንጹሕ ሥራ እወዳለሁ። ይህ ጠባዬ ሰው እንደሚያሳስር የነገረኝ አልነበረም።

አባቴ የመናዊ፣ እናቴ የደሴ ልጅ ናት። ከየመኑ ጦርነት ሁለት ዓመት በፊት ዓደን ውስጥ ሁጀይፍ፣ ወደቡ ዳር፣ ባለሦስት ፎቅ መጋዘን ስንሠራ የኮምፒውተሩን ሞዴል የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሞዴሉ ማለት ሕንፃው ራሱ ነው፤ እያንዳንዱ ምሰሶ፣ አግዳሚ ቢምና ቧንቧ ከነልኩ እዚያ ውስጥ አለ። ሠራተኛው ከእሱ የታተመውን ፕላን ይዞ ይሠራል። አዲስ ፕላን ሲወጣ አሮጌውን ከየእጁ ሰብስቤ ቀድጄ እጥላለሁ፤ ሁለት ዓይነት ፕላን ከዞረ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይገነባል። ሞዴሉንም ሳስተካክል እዚያው ፋይል ላይ ደርቤ አስቀምጣለሁ። መብራት በቀን አምስቴ በሚጠፋበት ዓደን ሁለት ፋይል ማስታመም የሥራ ፈት ወግ ይመስለኝ ነበር።

ሀይሉ የቀን ሠራተኞቹ አለቃ ነው። ከወሎ ተነሥቶ ወደ ሳዑዲ ሲሄድ መንገዱ ተዘግቶበት እኛ ዘንድ ቀረ። አረብኛው ከ"ጂብ" እና ከ"ሺል"፣ ከአምጣና ከአንሣ፣ አያልፍም፤ ፕላን ማንበብ ግን እንደ ውሃ ጠጥቶታል።

አንድ ቀን የሁለተኛው ፎቅ ቢም ተሰብሮ ቢሊሱማ የሚባል ሠራተኛ ገደለ። ቢሙን ያደከመው መሐሉ ላይ የነበረ የቧንቧ ቀዳዳ ነው። ሀይሉ ቀዳዳውን የተወው ፕላኑ እንዲያ ስላለው ነው፤ ስሕተቱ የእኛ የቢሮ ሰዎች ነበር።

በማግስቱ መሐንዲሳችን ራሺድ መጣ።

"አሲያ፣ ቧንቧውን ከቢሙ አውጪው፤ ላይኛው ፎቅ ላይ እንዳይደገም፣ በቃ፣ ኸላስ።"

እውነቱን ነው። የተሰበረውን ጨምሮ ሁሉንም ፎቅ አስተካከልኩ፤ እዚያው ፋይል ላይ ደረብኩ፤ አሮጌውን ፕላን ሰብስቤ አንድ ሳላስቀር ቀደድኩ። ሌላ ሰው አይሞትም ብዬ ደስ አለኝ።

ከሁለት ወር በኋላ የመጋዘኑ ባለቤትና ተቋራጩ "ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ያንተ ነው" ተባብለው አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ሀይሉን ፖሊስ ይዞት መጣ። ሌላ አማርኛ የሚያውቅ ስለሌለ አስተርጓሚው እኔው ሆንኩ። ኮሚቴው ከሰው ቃል ይልቅ ሞዴሉን አምናለሁ ብሎ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አስከፈተው። ቢሙ ድፍን ነው። ቧንቧው ክንድ ያህል ርቆ ያልፋል። ልትኳል ዓይኗን አጠፋች የሚሉት እኔን ነው።

"ቀዳዳውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ከአደጋው በኋላ" አልኩ።

"የበፊቱ የት አለ?" አለ ሰብሳቢው ሀሺም።

"የለም። ላዩ ላይ ደርቤበታለሁ።"

"ማን አዘዘሽ?"

ራሺድን አየሁት። "ወላሂ አላስታውስም" አለ፣ ጫማውን እያየ።

ሀሺም አልተቆጣም። "ኡኽቲ፣ እኅቴ፣ የአገርሽ ልጅ ነው። ልትሸፍኚለት ብትፈልጊ ይገባናል" አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ፤ እንባዬንም ለአገሬ ልጅ ያዘንኩት አድርገው ቆጠሩት።

ጸሐፊው ውሳኔውን አነበበ። ሀይሉ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"እትዬ አሲያ፣ ምን አሉ?"

"ቀዳዳውን በራስህ ፈቃድ አበጅተኸዋል፤ ለሰውየው ሞት በፍርድ ቤት ትጠየቃለህ ነው የሚሉት።"

"ፕላኑ ላይ ነበረ እኮ። ማነው አልነበረም ያለ?"

"ሞዴሉ።"

"እሱን የሚሠሩት እርስዎ አይደሉ እንዴ? ይንገሯቸዋ።"

"ነግሬያቸዋለሁ።"

"አረብኛው አልመጣልዎት ይሆናል" አለኝ፣ እንዳልከፋ እየተጠነቀቀ። "እስቲ አንዴ ይድገሙላቸው።"

ደገምኩላቸው። ጸሐፊው ኮምፒውተሩን ዘግቶ ገመዱን ይጠቀልል ነበር።