ያለውን ወይስ አለኝ የሚለውን

የቫልሮን ጌታ ጎሼ ሴት ልጁን ሊያገባ የመጣውን ሦስተኛ ሰው ባሰናበተ ዕለት፣ ልጅቱ ኤሊሳንት ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ከገበሬዎቹ ሴቶች ጋር ወይን ትረግጥ ነበር። የንጉሥ ልጅ ወይን አትረግጥም ብሎ አባቷ ከልክሏታል። በዚያ ዓመት ግን ፍሬው ብዙ፣ ሠራተኛው ጥቂት ስለነበር ትእዛዙን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላዋለች። ወሬውን ይዛ የመጣችው የቤቱ መጋቢ ሚስት ኦዲርን ነበረች።

«እመቤቴ፣ ያንንም ሸኙት» አለቻት በሩ ላይ ቆማ።

«አንሴልን?»

«አንሴልን። ፈረሱ እንኳ ውሃ ሳይቀምስ።»

ኤሊሳንት ከገንዳው አልወጣችም። ጥርሷን ነክሳ መርገጧን ቀጠለች። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ቀስ እያሉ ፈቀቅ አሉላት፤ ጭማቂው እስከ ወገባቸው መረጨት ጀምሮ ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። የጎሼ እናት የቆጵሮስ ንጉሥ ታላቅ ሴት ልጅ ነበረች። በልጅነቷ ባሕር ተሻግራ እዚህ ሻምፓኝ አውራጃ ተዳረች፤ ታናሽ እኅቷ እዚያው ደሴቲቱ ላይ ቀርታ እዚያው ወለደች። በኋላ የወንድማቸው ልጅ፣ ገና ወጣት ንጉሥ ሳለ፣ ዘር ሳይተካ ሞተ። የደሴቲቱ መኳንንትም ተሰበሰቡና ዘውዱን በታናሺቱ እኅት ወንድ ልጅ ራስ ላይ ጫኑት። በትውልድ ተራ ከሄዱ የታላቂቱ ልጅ ጎሼ ይቀድም ነበር። እሱን ግን ማን ያውቀዋል? የነገሠው ሰው አብሯቸው ያደነ፣ አብሯቸው የዘመተ ነው። ጎሼ ወሬውን የሰማው ብዙ ወራት ዘግይቶ፣ ከኢየሩሳሌም ከሚመለስ አንድ ተሳላሚ አፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። ወደ ሮም፣ ወደ ጳጳሱ አቤቱታ ይልካል፤ ሮም ነገሩ እየታየ ነው ትላለች። አንድ ጊዜ ማርሴይ ወደብ ድረስ ወርዶ መርከብ ሲጠብቅ ክረምቱ ገባበትና ተመለሰ። በአዳራሹ ውስጥ ሎሌዎቹ «ንጉሥ ሆይ» ይሉታል። ውጭ ያሉት አሳማ ጠባቂዎችም እንዲሁ ይሉታል፤ እነሱ ግን እየሳቁ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት ኤሊሳንት ሁለቱንም ዓይነት አጠራር ስትሰማ ኖራለች። ለእሷ ልዩነታቸው ያን ያህል አልነበረም።

እግሯን ሳትታጠብ ወደ አዳራሹ ወጣች። ጎሼ አይብና ዳቦ ይበላ ነበር።

«አንሴል ምን ጎደለው?» አለችው።

«ምንም። ጨዋ ሰው ነው። ደኑም ጥሩ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አንቺ አልጋ ወራሽ ነሽ፣ ልጄ። የጎረቤት ደን እንድታሰፊ አልወለድኩሽም።»

«አባባ፣ እኔ ቆጵሮስን አይቻት አላውቅም። እርስዎም አላዩዋትም።»

«እግዜርንስ አይቼው ነው?» አለ ጎሼ፣ ዳቦውን እየቆረሰ።

ቢቆጣ ደስ ባላት። ቢጮህ እሷም መጮህ ትችል ነበር። አባቷ ግን ለስላሳ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ፈረስ እንኳ አይገሥጽም። በዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ እንደ ግንብ ቆሟል። ፈገግ ብሎ አይብ ዘረጋላት፤ ትታው ስትወርድ ድንጋዩ ደረጃ ላይ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው የእግሯን ዱካ ተወችለት።

በኅዳር ከሚውለው ከቅዱስ ማርቲን በዓል በኋላ፣ ማንም ባልጠበቀበት ሰዓት፣ መልእክተኞች ከቆጵሮስ መጡ። አንደኛው ባርቴሌሚ የሚባል፣ ፊቱን ፀሐይ ያጠቆረው ሽማግሌ ባላባት ነው፤ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦም ይንቀጠቀጣል፣ ያስላል። ሁለተኛው ጸሐፊ ቄስ ነው። ንጉሣቸው ክርክሩ እንዲያበቃ ይፈልጋል። ጎሼ በወንጌል ላይ እጁን አኑሮ የዘውዱን ጥያቄ ከተወ፣ ሸንኮራ የሚበቅልባቸው መንደሮችና የመስፍንነት ማዕረግ ይሰጠዋል፤ የሴት ልጁንም መዳሪያ ንጉሡ ይችላል።

ኤሊሳንት ከአባቷ ወንበር ኋላ ቆማ ትሰማ ነበር። ጎሼ ግን አልተከራከረም፤ ስለ መንደሮቹ እንኳ አልጠየቀም። ደስ ብሎት ነበር። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የደሴቲቱ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ስለ ጉዳዩ ሳይስቅ አውርቶለታል። ደብዳቤው ተነበበለት፤ እሺ፣ እሺ እያለ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ እጁን አነሣ።

«እስቲ ያቺን መልሳት።»

ቄሱ መልሶ አነበበ፦ «የቫልሮን ጌታ ጎሼ አለኝ የሚለውን መብት ሁሉ ትቷል።»

«ያለውን» አለ ጎሼ። «ያለውን መብት በል። ከዚያ ሌላውን እንዳሻህ ጻፈው።»

ባርቴሌሚ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀ። «ጌታዬ፣ መብቱ የእርስዎ ነበር ካልን ንጉሣችን እስከ ዛሬ ምን ሆኖ ተቀመጠ ልንል ነው? የሰጠው ፍርድ፣ ያደለው ርስት፣ የሾመው ሁሉ ምን ይሁን? የእኔ ርስት ራሱ ከእሱ እጅ ነው።»

«ዘውዱ ይቅርበት አላልኩም። ይብላው። እኔ ትክክል ነበርኩ ይበለኝና ይብላው።»

ኤሊሳንት በቀጣዮቹ ቀናት በአዳራሹና በእንግዳ ማረፊያው መካከል ተመላለሰች። «ሊኖረው የሚችለውን መብት» ቢባልስ አለች። ባርቴሌሚ ቀኑን ሙሉ አስቦበት ተቀበለ፤ ጎሼ ግን ሊኖረኝ የሚችለውስ የሆድ ቁርጠት ነው ብሎ መለሳት። በደፈናው «መብቱን ሁሉ» ይባል አለች። አባቷ ወዲያው እሺ አለ፤ አሁን ደግሞ ቄሱ እንቢ አለ፤ «መብቱን» ማለት ያው «ያለውን» ማለት ነው፣ ማን ሞኝ አለ ሲል። ለመጨረሻ ጊዜ ከአባቷ እግር ሥር ተንበርክካ፣ ስለ እኔ ሲሉ ብላ ለመነችው። ጎሼ ፀጉሯን ዳበሰላትና፣ ስለ አንቺማ ነው እንቢ የምለው አላት። መልእክተኞቹ በማግስቱ ተነሥተው ሄዱ።

ኤሊሳንት አንሴልን ፍለጋ ወረደች። አንሴል ሚስቱ የሞተችበት፣ ወፍጮና ደን ያለው ጎረቤታቸው ነው፤ ብዙ አይናገርም። የወፍጮውን ግድብ ሲጠግን ውሃ ውስጥ ቆሞ አገኘችው። እናቱ ትሯ ከተማ ሌላ ልጅ እንዳየችለት ሳይደብቅ ነገራት። ዓቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን የእናቱን አፍ የሚዘጋበት የለውም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ተንበርከክለት» አለችው። «ንጉሥ ሆይ በለው። ደስ ይለውና ይሰጠኛል።»

አንሴል መዶሻውን አስቀመጠ። «እጄን በሻምፓኙ መስፍን እጅ አኑሬ የእሱ ሰው ልሆን ምያለሁ፣ ኤሊሳንት። ለሌላ ንጉሥ ተንበረከከ ከተባለ ይህን ወፍጮ ነገ አላገኘውም።» መዶሻውን መልሶ አነሣና ጨመረ፦ «ደግሞ እኔ የጠየቅሁት ሚስት ነው እንጂ መንግሥት አይደለም።»

እውነቱን ነበር፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ሁሉም እውነቱን ነው። ባርቴሌሚም እውነቱን ነው። ምናልባት አባቷም እውነቱን ነው። ይህን ሁሉ እውነት የተሸከመችው ግን እሷ ነበረች። እያሰበች ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። የአባቷን መብት ልትተውለት አትችልም። የራሷንስ?

የአባቷን በቅሎ ሳታስፈቅድ ጫነች፤ ኦዲርን እያጉረመረመች ተከተለቻት። መልእክተኞቹ ብዙም አልራቁም። ጎርፍ መንገዱን ስለዘጋው፣ የባርቴሌሚም ሳል ስለባሰበት፣ ገዳም ውስጥ አርፈው ነበር። ሽማግሌው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሰማት።

«አባቴ እንቢ አለ። እኔ ግን ወራሹ ነኝ፤ ሌላ ልጅ የለውም። እሱ ሲሞት የሚደርሰኝን ዛሬ እተዋለሁ። ከእኔ የሚወለድም አይጠይቃችሁም።»

ባርቴሌሚ አያት። «በምትኩስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምንም። ቶሎ ብላችሁ ጻፉልኝ።»

ሽማግሌው ሳቀ፤ ከዚያ ሳሉ ያዘው። ንጉሣችን ገና ጎልማሳ ነው፣ አባትሽ አርጅቷል፣ መጠበቅ እንችላለን አለ። ቄሱ ጣቱን በትንፋሹ እያሞቀ ጻፈ። እሷ በወንጌሉ ላይ ማለች፤ አበምኔቱና መነኮሳቱ መሰከሩ። ግልባጩን ማኅተም ተደርጎበት ተቀበለች። ሲመለሱ ኦዲርን «አባትሽ ዛሬ ይገድልሻል» ብትላት፣ ኤሊሳንት «እንደዚያማ ቢሆን ሰማኝ ማለት ነው» አለቻት።

ጎሼ ወረቀቱን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ኤሊሳንት መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀችውን ንግግር በአፏ ይዛ ቆማለች፤ ስለ ከሰሙ ተስፋዎቿ፣ ስለሚያፈስሰው ጣሪያ፣ ስለ አሳማ ጠባቂዎቹ ሳቅ። ጎሼ አነበበና እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ብድግ ብሎ ቤተሰቡን ሁሉ ጠራ።

«ኑ፣ ስሙ! ‹ኤሊሳንት ያላትን መብት ሁሉ› ይላል። ያላትን! በራሳቸው ጸሐፊ እጅ፣ በራሳቸው ማኅተም። እሷ ካላት ከማን አገኘችው? ከእኔ አይደለም?»

ቄሱ ለሴት ነው ብሎ ሳይጠነቀቅ ይጻፈው፣ ብርድ አስቸኩሎት ይሁን፣ ማን ያውቃል። እሷ ራሷ ቃሏን አላየቻትም። ያዘጋጀችውን ንግግር ትታ ወደ እሱ ተጠጋች።

«አባባ» አለችው፣ «እኔ እኮ ተውኩት። በእኔ አለቀ።»

«አዎ፣ አዎ» አለ ጎሼ፣ ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዘነበለ።

«እንግዲያው አንሴልን ላግባ?»

«ማንን?»

«አንሴልን።»

«ከወደድሽ አግቢዋ። አሁን አልጋ ወራሽ አይደለሽም።»

ይህንን ያለው ያለ ክፋት ነው። እሷ ግን ፊቷን በጥፊ የተመታች ያህል ተሰማት።

ጾም ሳይገባ ተጋቡ። ጎሼ በደጀ ሰላሙ ላይ አንድ ጆሮዋ የማይሰማውን የአንሴልን እናት ይዞ፣ ደሴቲቱ እንዴት በመጨረሻ እንዳመነችለት ይተርክላት ነበር። አሮጊቷ አንገቷን ትነቀንቃለች። የሚያጋባቸው ቄስ በረዶው እግሩን ስላቀዘቀዘው እንዲገቡ በእጁ ይጣራል። ኤሊሳንት ከአንሴል ጎን ቆማ አባቷን ታየዋለች።

«አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም» አለች።

«ምን ብሎ?»

«ወደ ገዳሙ ለምን እንደሄድኩ።»

አንሴል ክንዷን ያዘና ጭቃውን አሻገራት፤ ወደ ውስጥ ገቡ።