ከሙላቱ መስመር በላይ

"አትሩጡ፤" አለች አስጎብኚዋ ማርሊን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሎይድ፣ ባሉበት ይቁሙ። ካሪን፣ ወደ አባትሽ ተጠጊ። ቀስ እያልሽ።"

ድቡ ከሎይድ ድንኳን ጀርባ ብቅ ብሎ ቆሟል። ከእነሱ ቢርቅ ሠላሳ እርምጃ ነው። ቡናማ፣ ወጣት፣ ጎኑ የገባ፤ እናቱ በዚህ በጋ መጀመሪያ ያባረረችው መሆን አለበት። ሦስቱ ሰዎች ቁርሳቸውን ያበስሉ የነበረው በፓርኩ ደንብ መሠረት ባሕሩ ሲሞላ በሚሸፍነው ጠጠር ላይ ነው፤ ፍርፋሪውንም ሽታውንም ውኃው እንዲወስደው። አሁን ያው ደንብ አጣብቋቸዋል። ከፊታቸው ድቡ፣ ከድቡ ወዲያ ካያክ የሚሏቸው ጠባብ ጀልባዎቻቸው፣ ከኋላቸው ደግሞ እየሞላ የሚመጣው ባሕር። ከባሕሩ ማዶ ያለው የበረዶ ግግር አንድ ቁራሽ ውኃው ላይ ጣለ፤ ድምፁ ዘግይቶ ደረሰ። ድቡ ጆሮውን እንኳ አላዞረም።

ማርሊን ድብ የምታባርርበትን የበርበሬ መርጫ መቆለፊያ በአውራ ጣቷ አወጣች። ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ነው፤ ብትረጨው ወደ እሷ አይመለስም። ይህን ካረጋገጠች በኋላ ነው የተነፈሰችው።

"ጫማዬ ውስጥ ውኃ ገብቷል፤" አለ ሎይድ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ለጉዞው ሁለት ዓመት ተዘጋጅቷል።

"አባዬ፣ ዝም በል።"

"ዝም ብዬም እየገባ ነው።"

ድቡ መዳፉን ድንኳኑ ላይ ጫነ። ጨርቁ ጎበጠና ተቀደደ። ጭንቅላቱን አስገብቶ አነፈነፈ፣ አወጣ። ከዚያ ወደ እነሱ ዞሮ ሦስት እርምጃ ተራመደ። ውኃው የማርሊንን ቁርጭምጭሚት አልፏል። መርጫውን ከፍ አድርጋ ያዘችና በእናቷ ወገን ቋንቋ፣ ልክ አጎቷ እንዳስተማሯት፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ታናግረው ጀመር። ድቡ ቆመ። ምራቁን አዝረበረበ፤ ወዲያው ግን የሆነ ነገር የሰለቸው ይመስል ጀርባውን ሰጥቶ በጠጠሩ ላይ ሄደና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

ሦስቱም ምድጃውንና ድስቱን ይዘው ከሚሞላው ውኃ ወጡ።

"ምን አልሽው?" አለ በመጨረሻ ሎይድ።

"መንገድዎን አንዘጋም፤ እርስዎም የእኛን አይዝጉብን አልኳቸው።"

"አንቱ ተብሎ ነው ድብ የሚጠራው? እኔን ትናንት ካያኩ ሲሽከረከርብኝ እንዲህ በአክብሮት አላናገርሽኝም።"

"የእርስዎ ጥርስ አጭር ነው።"

ካሪን ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ሊዞር ሲል አፏን በእጇ ያዘችው።

ድብ ድንኳን ከነካ ወዲያው ማሳወቅ ግዴታ ነው። ማርሊን ሬዲዮዋን ከፈተች። የመለሰላት የፓርኩ ጠባቂ ኦወን ነበር።

"ሰው ተጎድቷል?"

"ማንም አልተጎዳም። አንድ ድንኳን ተቀዷል።"

"ምግብ አግኝቷል?"

"ገና አላጣራሁም።"

"አርባ ደቂቃ ስጪኝ። ምንም አትንኩ።" ሬዲዮው ትንሽ ተንጫጫ። "ማርሊን፣ ድንኳን ቀዶ የበላ ከሆነ ሌላም ይቀድዳል። ከዚያ በኋላ ነገሩ በጠመንጃ ነው የሚያልቀው። እሱን እያሰብሽ በደንብ ተመልከቺልኝ።"

"እመለከታለሁ።"

ሎይድ ግን ቀድሟት ድንኳኑ ውስጥ እጁን ሰዶ ነበር። ከመኝታ ከረጢቱ ሥር ያወጣውን ነገር መዳፉ ላይ አድርጎ ቆመ፤ በወረቀት የተጠቀለለ የለውዝ ጣፋጭ።

"አባዬ!" አለች ካሪን። "ምግብ ድንኳን ውስጥ አይገባም ብላ ሦስት ጊዜ ነግራሃለች። ሦስት ጊዜ!"

"ሌሊት ስኳሬ ይወርድብኛል። ድብ የማይከፍተው የምግቡ በርሜል ያለው መቶ እርምጃ ርቆ ነው። በጨለማ ወድቄ ልሰበር?"

"ልትነግረን ትችል ነበር።"

"ይህን የመሰለ ቦታ ድረስ መጥቼ ደግሞ በሽተኛ ልሁን?"

ማርሊን ጣፋጩን ተቀብላ አገላበጠችው። ወረቀቱ አልተከፈተም፤ የጥርስ ምልክት የለበትም፤ መለሰችለት። ቀጥላ ድንኳኑን አየች። ከቅዳዱ በላይ የመዳፍ ምልክት ታትሟል፤ አምስቱም ጣቶች ይታያሉ። ግራጫ ነው። ጭቃ መስሏት በአውራ ጣቷ ነካችው። ጭቃ አልነበረም። አመድ ነው።

ቁርሳቸውን ያበሰሉት በጋዝ ምድጃ ነው፤ አመድ አይተውም።

ዱካውን ወደ ኋላ ተከተለችው። እርጥቡ ጠጠር ላይ፣ ከዚያ ሣሩ ላይ፣ ከዚያ ዛፎቹ ሥር። የምታገኘውን እያወቀች ነበር የምትሄደው።

ወንድሟ ኬንት ያረፈው ባለፈው ክረምት ነው። በእነሱ ወገን የሟች ምግብ እሳት ላይ ይቀርባል፤ ስሙ ይጠራል፤ የተቃጠለው ይደርሰዋል። የበረዶው ግግር እየገፋ መጥቶ ሳያስወጣቸው በፊት የአያቶቻቸው መንደር የነበረው በዚህ ባሕር ዳር ነው፤ ኬንትም ሁልጊዜ እዚህ መምጣት ይወድ ነበር። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ፣ አባትና ልጅ ተኝተው ሳሉ፣ የሚወደውን በጢስ የደረቀ የሳልሞን ሆድ አቀረበችለት። ደንቡ እሳት ከሙላቱ መስመር፣ ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት ወሰን፣ በታች ይነደድ ይላል። እዚያ ብታነድደው ግን ምግቡ ተቃጥሎ ሳያልቅ ውኃው ይደርስበታል ብላ ፈራች። የኬንት ድርሻ ተጀምሮ እንዲቋረጥ አልፈለገችም። ስለዚህ ከመስመሩ በላይ አነደደችው።

ካፊያ ነበር። ጢሱ ሲቆም ዓሣው ተቃጥሎ አለቀ ብላ ሄደች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎብኚዎችን "አመዱን በእጃችሁ ሳትነኩ አትሂዱ" ስትል የኖረች ሴት ይህንን አመድ አልነካችውም። የሟች ድርሻ አይገላበጥም፤ አጎቷ እንዲህ ነው ያስተማሯት።

አሁን አመዱ ተበትኗል። ከዓሣው የቀረ የለም፤ ያስቀመጠችበት ሳንቃ እስኪያበራ ተልሷል። ከዚያ የተነሣው ግራጫ ዱካ፣ ተጨማሪ ምግብ ፍለጋ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ድንኳኑ ይሄዳል።

ሰዓቷን አየች። ሃያ ስድስት ደቂቃ ቀርቷል። ካፊያው ወደ ዝናብ እየተለወጠ ነበር። ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም። ዝም ብላ ብትቆም ዝናቡ ድንኳኑን ያጥባል፣ አመዱን ወደ ሣሩ ሥር ያወርዳል፣ ዱካውን ይደመስሳል። የሚቀረው የተቀደደ ድንኳንና ጣፋጭ ብቻ ይሆናል፤ ጥፋቱም የድቡና የሎይድ። ከመስመር በላይ እሳት ያነደደ አስጎብኚ ፈቃዱ እስከሚቀጥለው ዓመት ይታገዳል፤ ለኬንት በመኸር የሚደገሰው የመታሰቢያ ድግስ ወጪ ደግሞ የሚሸፈነው በእሷ የበጋ ሥራ ነው።

ሎይድ እያነከሰ መጣ። ጫማው ይጮኻል።

"አስቤበታለሁ፤" አለ። "ለጠባቂው የእኔ ጥፋት ነው እለዋለሁ። እኔን ምን ያደርገኛል? ቀጥቶኝ ቤቴ እገባለሁ። ላንቺ ግን እንጀራሽ ነው። አንድ ቃል እንዳትናገሪ።"

"ድቡስ?"

"ድቡ ምን ይሆናል?"

"ድንኳን ውስጥ ምግብ እንዳለ የተማረ ድብ ተብሎ ይመዘገባል።"

ሎይድ ጣፋጩን በእጁ ጨበጠው። "እና አልተማረም?"

ማርሊን ወደ ባሕሩ ወርዳ ቁርስ ያበሰሉበትን ድስት አነሣች፤ ገንፎውን ወደ ውኃው ደፍታ በጨው ውኃ ሁለት ጊዜ አለቀለቀችው። የጀልባ ሞተር ከባሕረ ሰላጤው አፍ ይሰማ ጀመር። ድስቱን ይዛ ወደ ዛፎቹ ስትመለስ ካሪን ከድንኳኑ አጠገብ ቆማ ነበር።

"ካሪን፣ የዝናብ ልብስሽን አውልቂና ያንን የመዳፍ ምልክት ሸፍኚው። ጨርቁ እንዳይነካው ከፍ አድርገሽ ያዢው።"

"ለምን?"

"ዝናቡ እንዳያጥበው።"

ካሪን አባቷን አየችው፤ ከዚያ የዝናብ ልብሷን አወለቀች።

ማርሊን የተላሰውን ሳንቃ አመዱ ላይ መልሳ አስተኛችው። ድስቱን ገልብጣ ከደነችበት፤ ነፋስ እንዳያነሣው አንድ ድንጋይ ጫነችበት።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ሎይድ።

"የወንድሜ ቁርስ።"

ጀልባው ጠጠሩን ነካ። ኦወን መዝገቡን በብብቱ ይዞ ዘለለና በቀጥታ ወደ ተቀደደው ድንኳን አመራ።

"ከዚያ አትጀምር፤" አለችው ማርሊን ከድስቱ አጠገብ ሆና። "ከዚህ ጀምር።"