ከግድግዳው ወዲያ የሚዘፍነው ሰውዬ

ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ለቅሶ ደራሹም እግሩን ሰብሰብ ሲያደርግ፣ የልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህት መጣችና የኋለኛው ክፍል ይከራይ አለች። ብቻሽን ከምትሆኚ ሰው ይግባበት፣ ተከራይም የሙዚቃ ሸክላዎቹን የሚገዛም አግኝቻለሁ፣ ገዢው ቅዳሜ ይመጣል ብላ ነገሩን ብቻዋን ጨረሰችው። ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ መጀመሪያ ያንን ዘፈን አንዴ ልስማው፣ ከዚያ እንደፈለግሽ አለች። እህቷ ቀልድ መሰላት። ሰፊዋ እነዚያን ሸክላዎች ስትራገም ነው የኖረችው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። መንገዱን የሚያየው የእሷ የስፌት ክፍል ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የእሱ። ባሏ የመጋዘን ዘበኛ ስለነበር ከምሳ በኋላ፣ ሥራ እስኪገባ ድረስ፣ በሩን ዘግቶ ሬጌውን ይከፍታል። ቤዙ ግድግዳውን ሲመታው በጣሳ ክዳን ላይ የበተነቻቸው ስፒሎች ብድግ ብድግ እያሉ ይደንሳሉ። እሷ በመቀሷ ግድግዳውን ኳ ኳ ታደርጋለች። ይቀንሰዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጨምረዋል። ትዳራቸው በዚህ መሃል አለፈ።

አንድ ሸክላ ግን ነበር። ያ ሲከፈት መቀሷን አታነሳም። በዚያ ሁሉ ዱም ዱም መሃል አንድ ሰውዬ ይዘፍናል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ገና ከእንቅልፉ የነቃ የመሰለ፣ የማይቸኩል። የፈረንጅ ዘፈን ነው ብላ ምን እንደሚል ለመስማት እንኳ አልሞከረችም፤ ግድግዳውም አለ፣ የመኪናዋ ጩኸትም አለ። እግሯ ግን ከሰውዬው ጋር እኩል ይረግጣል፣ ረጅም መጋረጃም ሳይታወቃት ተሰፍቶ ያልቃል። ይህን ለባሏ አንድ ቀን አልነገረችውም። ብትነግረው ቀኑን ሙሉ ይከፍትብኛል ብላ ነው።

አሁን ቤቱ ጭር ሲል የናፈቃት ያ ሰውዬ ነው። ባሏማ ድሮም አያወራም። ተብታባ ነበር፤ የሚጀምረውን ቃል እሷ ናት የምትጨርስለት። «መ... መ...» ሲል «መብራቱን» ብላ ታቀብለዋለች፣ እሱም ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። እና ዝምታውን ታውቀዋለች፣ አብራው ኖራለች። የጎደለው ዘፈኑ ነው።

ሸክላው ባሏ እንደተወው ማጫወቻው ላይ ነበር። መርፌውን አስቀመጠችበት። ስፒሎቹ ደነሱ። ቤዙ ራሱ ነው፣ ድራሙም ራሱ ነው። ሰውዬው የለም። አንድ ቦታ ላይ አንድ ቃል ተጀመረ ስትል፣ ቃሉ ገደል እንደገባ ድንጋይ እየተንከባለለ፣ እየራቀ ጠፋ። ገልብጣ ሞከረችው፣ ያው ነው።

ሰፊ ናትና መርፌውን ጠረጠረች። መርፌ ሲደነዝ ስፌት ይዘላል፤ ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ይሄኛውም ደንዝዞ ዘፋኙን እየዘለለ ሙዚቃውን ብቻ ያነሳል ማለት ነው። ማጫወቻውን በአንሶላ ጠቅልላ ታቅፋው ወደ ሬዲዮ ሠሪው ሄደች።

ሬዲዮ ሠሪው የባሏ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡ ጋሼ ነው የምትላቸው። አዲስ መርፌ አስገቡላት። ቤቷ ወስዳ ብትሞክረው ሰውዬው የለም። ተመለሰች። መርፌዎም ይዘላል አለቻቸው። ማጫወቻው ከእኔም ካንቺም ይልቅ ጤነኛ ነው ብለው ሸኟት። እሷ አንዴ ይዘላል ካለች ይዘላል ነውና በማግስቱ ደግሞ ደጃቸው ላይ ቆመች። በመጨረሻ ሱቃቸውን ቆልፈው አብረዋት መጡ።

በባሏ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሸክላውን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። የዘለለ ነገር የለም አሉ። ይህ ደብ ይባላል። ሬጌው ተዘፍኖ ካለቀ በኋላ ያቀናበረው ሰው እንደገና ይቀመጥበታል፣ ዘፋኙን ያስወጣዋል፣ ቤዝና ድራሙን ይተዋል። ከዘፈኑም አንዳንድ ቃል ብቻ ቆርጦ እንዲያስተጋባ ያደርገዋል። ሆን ብሎ ነው።

ሰፊዋ የተሰፋ ኮት እጅጌውን ፈትቶ መሸጥ ነው በሉኛ አለች። ማን ይገዛዋል?

ባልሽ ይገዛዋል አሉ እየሳቁ። ጥሩ ጥሩዎቹ እንዲህ መንታ ሆነው ነው የሚወጡት፤ አንዱ ተዘፍኖ፣ አንዱ ባዶውን። ባልሽ መንታዎቹን ሳይለያይ ላይኛው መደርደሪያ ያስቀምጣል፣ ላይኛው የሚደመጥ ነው፣ ታችኛው የተገዛ ነው ይል ነበር አሉና፣ ከላይ የዚያን ሸክላ መንታ አወረዱ። አጫወቱት። ዘፋኙ መጣ። ሰፊዋ እጇን አጣምራ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ይሄ አይደለም» አለች።

«ይሄው ነው እኮ። ሌላ ዘፋኝ የለውም።»

«ጋሼ፣ የደነዘዘው መርፌው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። የኔ ሰውዬ ድምፁ ወፍራም ነው። ይሄማ ጥርሱን ያመመው ጎረምሳ ነው።»

ሬዲዮ ሠሪው ሊስቁ ጀምረው ተዉት። ግድግዳውን አዩ፣ በሩንም አዩ።

«ከምሳ በኋላ ነው የምትሰሚው? በሩ ተዘግቶ?»

«አዎ።»

«እህቴ፣ እሱ ባልሽ ነው።»

አላመነችም። ሱቅ ገብቶ ክር ስጡኝ ለማለት ከኋላው ያለውን ሰልፈኛ ሁሉ የሚያስቆም ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚዘፍነው? ሬዲዮ ሠሪው ግን ነገሯት። እሁድ እሁድ እሳቸው ሱቅ ይመጣና ደቡን አስከፍቶ በባዶው ቦታ ላይ የራሱን ቃል ይዘፍን ነበር። ስለ መጋዘኑ አይጥ፣ ስለ አለቃው ጫማ፣ በራሱ ቋንቋ። አንዲት ፊደል አትይዘውም። አንድ ቀን በካሴት ልቅዳህ ቢሉት ደንብሮ ወጣ፣ ስንት ጊዜም ድርሽ አላለ።

«ጠየቅኩት» አሉ። «ስትዘፍን ለምንድነው የማይዝህ አልኩት። እዚያ ውስጥ ቦታ አለ አለኝ። ቃሌን ማንም አይጨርስብኝም አለኝ።»

ለማን እንደተናገሩ የገባቸው ከተናገሩ በኋላ ነው። መርፌውን ይጠርጉ ጀመር። ሰፊዋ ስለኔስ ይል ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ይላል አሉ፣ አሁንም መርፌውን እየጠረጉ። መቀሷ ዝም ካለ እየሰማችኝ ነው፣ ይላል። አንቺን ሁልጊዜ የሚያስገባሽ ዘፈኑ መጨረሻ ላይ ነው አሏት።

ቅዳሜ እህቷ ገዢውን ይዛ መጣች። ገዢው በጣቱ ሸክላዎቹን እየገፋ እየገፋ ሄዶ ማጫወቻው ላይ ያለውን ደብ ሲያይ ዓይኑ በራ። ሰፊዋ ከእሱ በቀር ሌላውን ውሰድ አለችው። ያለ እሱ ሌላው ምን ያደርግልኛል፣ የመጣሁትም እንዲህ ያለ ፍለጋ ነው አለ። እንግዲያው ሁሉም ይቀመጥ አለች። እህቷ በሰው ፊት ላለመቆጣት ፈገግ ብላ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ ሸክላ ያጫውትሻል? ተከራዩንስ ምን ልበለው?»

«ክፍሉ ሰው አለበት በይው።»

እህቷ ገዢውን አስከትላ ደህና ዋይ እንኳ ሳትል ወጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰፊዋ እስከ መንገዱ ተከትላ ትለማመጣት ነበር። አሁን ምሳዋን ቆማ በላች፣ ሳህኗን አጠበች፣ ወደ ኋለኛው ክፍል ገብታ ሸክላውን ከፈተችው፣ በሩንም ዘግታ ወጣች። መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው፣ አልረገጠችውም።

ስፒሎቹ መደነስ ጀመሩ። ቤዙ ሄደ፣ ተመለሰ። ያ ቃል ተጀመረ፣ ተንከባለለ፣ ራቀ። አፏ በልማዱ ሊጨርስለት ተከፈተ። በመዳፏ ከደነችው፣ ባዶው ቦታም እስኪያልቅ ጠበቀች። መቀሷ ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ ነው።