ጢስ ያጣ ቆጥ

ምድጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት ባልረግጥም ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ አነባለሁ፤ ከወረታ ገበያ ዕቃ ተጠቅልሎበት የመጣውን ጭምር። የማገዶ ቆጣቢውን ምድጃ አሠራርም ያገኘሁት ከአንድ የተቀደደ መጽሔት ነው። የጎደለውን ገጽ ከራሴ ሞላሁት። ጭቃውን ከሩዝ ገለባ ጋር አቡክቼ አሰነበትሁ፣ ሁለት አፍ አወጣሁለት፣ ጢሱን በቱቦ ወደ ውጭ አስወጣሁት። እናቴ እናትነሽ ዓይኗ ከጢስ ብዛት ቀልቶና አብጦ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷት ነበርና፣ ሥራው የእኔ ነው ብዬ ተነሣሁ።

ቱቦውን የሠራችልኝ ሸክላ ሠሪዋ ንግሥቲ ናት። በዕድሜ እናቴን ብትበልጥም በሰፈራችን አንቱ የሚላት የለም፤ እኔም አላልኋትም። ቱቦውን ልታስረክበኝ ማድ ቤት እንደገባች ቀና ብላ ቆጡን አየችው።

«ጢሱን ሁሉ ካባረርሽው ያ በቆሎ ምን ይውጠዋል?» አለች።

«አንች እንስራሽን ተኩሽ፤ የእህሉን ነገር ለኛ ተይልን።»

«እሽ እመቤቴ» ብላ ሳቀች። «አንባቢዋ አንች ነሽ።»

ከጉልቻው በላይ ባለው ቆጥ እናቴ የዘር በቆሎዋን ከነልብሱ እየቋጠረች ታንጠለጥላለች። ይህ በቆሎ ከገበያ የሚገኝ አይደለም። ከአንበሳሜ ወደ ፎገራ ስትዳር ከእናቷ ጓሮ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው ነው። ቁመቱ አጭር፣ ፍሬው ቀይ፣ ደግሞም ችኩል ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ጓሯችንን ሳያጥለቀልቀው እሸቱ ይደርሳል። ሩዙ ገና ውሃ ውስጥ ቆሞ ጎተራው በተራቆተበት ወር እኛ ቤት እሸት ይጠበሳል። ጎረቤቱም ይበላል፣ የፈለገም ዘር ይወስዳል።

ምድጃው በጥር ሥራ ጀመረ። ሴቶቹ ሊያዩት መጡ። በአንዱ አፍ ሩዝ፣ በሌላው ሽሮ ጥጄ፣ ሦስት ፍልጥ ብቻ ማግጄ አሳየኋቸው። እናቴ ከጥግ ሆና ስታይ ቆየችና፣

«ልጄ ፍሬዋ፣ እንደው ጉልቻዬን በዚያ ጥግ መልሼ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ላጭስ? ለቆጡ ያህል» አለችኝ።

«እማየ፣ ስትታጠኝ ኖረሽ ጢሱ ሱስ ሆነብሽ እንዴ?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እናቴም ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ አብራቸው ሳቀች። ያች ቀልዴ በጣም ጣመችኝ፤ ወፍጮ ቤት ሄጄም ደገምኋት። ጉልቻዎቹን አውጥቼ ለአጥሩ እግር ድጋፍ አደረግኋቸው። እናቴ ሁለተኛ የቆጡን ነገር አላነሳችብኝም። እኔም ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠርሁት።

ለነገሩ ምድጃው አላሳፈረኝም። ማገዶው በግማሽ ቀነሰ። በሚያዝያ ዓይኗ ጠርቶ ቀሚሷን ራሷ በመርፌ ስትጠቅም አየኋት።

በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን እንዳራሰው እናቴ ዘሯን ልታወርድ ቆጡ ላይ ወጣች። አንዱን ቋጠሮ ፈትታ ልብሱን ስትገልጠው ዱቄት እግሯ ላይ ፈሰሰ። ነቀዙ በእጇ ላይ ተራወጠ። ሁለተኛውን ፈታች። ሦስተኛውንም። እስከ መጨረሻው ፈታቻቸው።

«ነቀዝ እኮ ጢስ ባለበትም ይገባል» አልሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ሠላሳ ዓመት አልገባም» አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ሳትጨምር።

ደህና የመሰላትን ፍሬ ለቃቅማ አንድ እፍኝ አወጣችና ጓሮው ውስጥ ዘራችው። እኔ በየማለዳው እሄድ ነበር። በስምንተኛው ቀን አላስችል ብሎኝ አፈሩን በጣቴ ጫር አደረግሁት። ያወጣሁት ፍሬ ከላይ ቀይ ነው፣ ዓይኑ ግን ተበልቷል። አንድም አልበቀለ።

ጎረቤት ዞርሁ። «እናትነሽ እያለች እኛ ምን ብለን ዘር እናስቀምጥ?» አሉኝ ሁሉም። መኪና ይዤ አንበሳሜ፣ አጎቴ ዘመኑ ዘንድ ሄድሁ። እሱም የገበያ ዘር ከጀመረ ቆይቷል።

«ያ ቀዩ በቆሎ?» አለኝ። «እኛ እኮ ዘንድሮ ዘር ፍለጋ እናትሽ ዘንድ ልንልክ አስበን ነበር። ምነው፣ ደህና አይደለም?»

«ደህና ነው» አልሁት። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ውሸት አልዋሸሁም።

ባዶ እጄን እንደተመለስሁ ዶማውን አነሳሁና ማድ ቤት ገባሁ። እናቴ ሩዝ ጥዳ ነበር።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ላፈርሰው።»

«ተይው። ዓይኔን አድኖልኛል። ምድጃው ምን አጠፋ?»

ብትሰድበኝ በወደድሁ። «ያኔ በሰው ፊት ያልሁሽን…» ብዬ ጀመርሁ። እሷም ያልሰማች መስላ ድስቱን ከፍታ አየችው። ዶማውን በሩ ሥር አስቀምጬ አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

አንድ ፍልጥ አነሳች። «ይህን ልጨምር ወይስ ይበቃዋል?»

«እንደፈለግሽ አድርጊ፣ እማየ። ማድ ቤቱ ያንች ነው።»

«አይ፣ አንች ታውቂያለሽ» አለች። ለሽሙጥ አልነበረም። ፍልጡን እንደያዘች፣ እስክነግራት ድረስ ጠበቀች።