በሰማያዊ ክር የታሰረች ጥቅል

የእናቴ የገና ዳቦ ሲጋገር ሽታው ሦስት ሰፈር ያልፋል ብል ማንም አያምነኝም፤ ቤተሰቤማ ጭራሽ አያምነኝም። እቤት ውስጥ ስሜ «እልፍ» ነው። አምስት ሰው ካየሁ እልፍ ሰው አየሁ እላለሁ ይሉኛል። ስም ማጥፋት ነው፤ ቢበዛ አምሳ ብል ነው።

ይሄኛውን ግን እንዳለ ነው የምነግራችሁ።

እማዬ የዳቦዋን አሠራር ለሦስት ከፍላ ነው ያወረሰችን። ለታላቅ እህታችን ሊጡን ሰጠቻት፤ የዱቄቱንና የቅቤውን መጠን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርሾውን። ለኔ ቅመሙን። ለታናሻችን እሳቱን፤ ምድጃው ምን ያህል መጋል እንዳለበት፣ ዳቦው መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ። ለየራሳችን አንዳንድ የታጠፈ ወረቀት አስጨብጣ «አንዳችሁ የሌላችሁን እንዳታውቁ» አለችን። ነገሩ የገባን ቆይቶ ነው። ተኮራረፍንም ተጣላንም፣ ገና ሲመጣ ሦስታችንም እሷ ኩሽና ካልተገኘን ዳቦ የለም። አንዱ ሲሠራ ሁለቱ ግቢ ይወጣሉ፤ እማዬ ለሠሪው ጀርባዋን ሰጥታ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ከሊጡ በተረፈው እህቴ የኮከብ ቅርጽ ያለው ብስኩት ትቆርጣለች፤ እሱን እየቆረጠምን እንታረቃለን። እንዲህ እያልን አስራ አንድ ገና አሳለፍን።

ዘንድሮ ለገና አምስት ቀን ሲቀር እማዬ ሦስታችንንም አስጠራችን። ጠረጴዛው ላይ የተቆረሰ ዳቦ አለ።

«ቅመሱ» አለች።

ቀመስን። የኛ ዳቦ ነው።

«ምነው፣ ሳንመጣ ጋገርሽው?» አላት ታናሻችን። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ራሱ ተመልጧል፣ የራሱ ብየዳ ቤት አለው፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የምንለው።

«እኔ አልጋገርኩትም። ማዕዘኑ ላይ አዲስ ዳቦ ቤት የከፈተችው ሴትዮ ናት ለጉርብትና ብላ የላከችልኝ።»

የግድግዳው ሰዓት እንኳን የተጠራጠረን መሰለኝ።

«እውነቱን የሚነግረኝ ሰው እስካላገኘሁ ድረስ» አለች እማዬ፣ «ይሄ ምድጃ አይለኮስም። ዘንድሮም፣ ከዘንድሮም ወዲያ። በየቤታችሁ ገዝታችሁ ብሉ።»

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እህቴና ማሙሽ ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገሩት አምና ገና ላይ ነው። ምድጃው ካልተለኮሰ ሦስታችን የምንገናኘው ለቀብር ብቻ ነው የሚሆነው።

እህቴ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችን። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጡረታ የወጣች ናት፤ ስታይህ ያልኮረጅከውንም ኮርጄያለሁ ትላለህ።

«እልፍዬ፣ አንተ ፀጉር ቤት ተቀምጠህ ያላወራኸው የቤተሰብ ጉዳይ አለ እንዴ?»

«እትዬ፣ ወሬ ሌላ፣ ምስጢር ሌላ። ይልቅ የዳቦ ቤቱን በር የሠራው ማነው በይ።»

ማሙሽ ቀና አለ። «በር ነው የሠራሁት። ሰው በር ሲሠራ ስለ ምድጃ ያወራል? ደግሞ የሴትዮዋን ልጅ ማታ ማታ ሒሳብ የምታስጠናውስ ማናት?»

«ልጁ ክፍልፋይ ነው የሚያጠናው» አለች እህቴ።

«ሦስት አራተኛ ኪሎ ዱቄት ሲደመር ግማሽ ኪሎ ቅቤ እያላችሁ ይሆናላ።»

«ግድግዳውን የቀባው እልፍ አይደል?» አለች ወደኔ ዞራ። ቀለም ቀቢ ነኝ።

«ሁለት ክፍል ብቻ ነው የቀባሁላት።»

«ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች ብቻዬን ቀባሁት ስትል አልነበር?»

እንግዲህ አንዳንዴ ጉራ እንዲህ መልሶ ይዞርብሃል።

እማዬ ፈረደች። በዋዜማው እያንዳንዳችን ድርሻችንን እንሠራለን፤ ግን በሩ ተከፍቶ፣ ሁሉም እያየ።

ለነሱ ያልነገርኩትን ለናንተ ልናገር። የኔ ወረቀት የለም። በተሰጠኝ ሳምንት የሥራ ቱታዬ ኪስ ውስጥ ረስቼው ሚስቴ ከነቱታው አጠበችው፤ ገንፎ ሆኖ ወጣ። ገና አላነበብኩትም ነበር። ምን ላንብብ? ቅመሙን ከጡት ጋር ነው የጠባሁት ብዬ አውርቼ ነበር። እማዬን መልሼ እንዳልጠይቅ ደግሞ ኩራቴ። ስለዚህ አፍንጫዬን ይዤ ቅመም ተራ ገባሁ። ሠላሳ አራት ሱቅ አሸተትኩ። መጨረሻ ላይ አንዲት ረጅም ሴትዮ ጋ፣ በሰማያዊ ክር የታሰረች ትንሽ የወረቀት ጥቅል አፍንጫዬ ሥር ሳደርግ ፍለጋዬን አቆምኩ። ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየገዛሁ ደረት ኪሴ እከታለሁ፤ ኩሽና ገብቼ ባዶ ሙቀጫ ግማሽ ሰዓት ወቅጬ፣ አንድ ሁለቴ አስነጥሼ፣ ጥቅሏን ሊጡ ላይ እገለብጣለሁ። ውስጧ ምን እንዳለ አላውቅም።

በማግስቱ በጠዋት ረጅሟ ሴትዮ ጋ ሄድኩ።

«እህቴ፣ ይሄ ምን ምን አለበት?»

«ቅመም።»

«ምን ቅመም?»

«የሚጣፍጥ።»

«አስራ አንድ ዓመት ደንበኛሽ ነኝ እኮ።»

«እኔ ደግሞ ከናቴ ከተረከብኩት ሃያ ዓመቴ ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ አለበት። የቀረውን ልንገርህና ነገ ፊት ለፊቴ ሱቅ ክፈት?»

ልለማመጣት አፌን ስከፍት ከኋላዬ የማውቀው ድምፅ መጣ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ናት። ከዝንጅብል ጆንያ ጀርባ እጥፍ አልኩ።

«ሰማያዊውን ስድስት ስጪኝ» አለች። «ሰዉ ወዶልኛል።»

አስነጠሰኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምሬን።

ወደ ቤት እየተመለስኩ ነገሩን ደመርኩት። እህቴም ንጹሕ ናት፣ ማሙሽም ንጹሕ ነው። ዳቦውን የኛ ዳቦ የሚያደርገው ቅመሙ ነው፤ ቅመሙ ደግሞ ሱቅ ተደርድሮ ይሸጣል። ይህን ብናገር አስራ አንድ ዓመት የወቀጥኩት አየር መሆኑ ይወጣል። ባልናገር ምድጃው አይለኮስም።

በዋዜማው ተሰበሰብን። መጀመሪያ እህቴ ሠራች። የእርሾዋን ጠርሙስ በጨርቅ ሸፍና መጥታለች፤ እያየናት እንኳን ጀርባዋን አዙራ ነው የገለበጠችው። ማሙሽ አንገቱን አስረዘመ፤ እሷም በክርኗ ከለለችው። ከዚያ ሊጡ ወደኔ ተገፋ።

ሙቀጫው ቀርቧል። በአንድ ኪሴ የተፈጨ ቀረፋ ይዣለሁ፤ እሱን ደባልቄ አስመስዬ መውጣት እችል ነበር። ግን ዳቦው ሌላ ዳቦ ይሆናል፤ እማዬ ደግሞ ትቀምሰዋለች። ያን ቀን የገዛኋትን ጥቅል ከሌላው ኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

«ይሄ ምንድነው?» አለች እህቴ።

«ቅመሙ። ከሱቅ ነው። የዳቦ ቤቷ ሴትዮም ከዚያው ነው የምትገዛው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የናንተ እጅ የለበትም።»

«ወረቀትህስ?»

«ታጠበ። አላነበብኩትም።»

ማሙሽ ሳቁን ዋጠ። እህቴ ግን አልሳቀችም፤ አስራ አንድ ዓመት እየደመረች መሰለኝ። እማዬ ጥቅሏን አንስታ ክሩን በጣቷ ዳበሰችው።

«ወረቀትህ ላይ የነበረው አንድ መስመር ነው» አለች። «ቅመም ተራ መጨረሻ፣ ረጅሟ ሴትዮ ጋ ሄደህ በሰማያዊ ክር የታሰረውን ግዛ።»

«አንቺም ትገዢው ነበር?» አለ ማሙሽ።

«ሦስት ልጅ ብቻዬን ሳሳድግ መቼ ነው ቅመም የምወቅጠው? ጎረቤታችን የላከችውን ዳቦ ስቀምስ በመጀመሪያው ጉርሻ ነው ቅመሙ ከየት እንደመጣ ያወቅኩት። የዚህንም ነገር በመጀመሪያው ዓመት አውቄያለሁ። ሲወቅጥ ሰማሁታ፤ ወረቀቱ መቼ ውቀጥ ይላል? አንድ ቀን ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ አስራ አንድ ዓመት ሆነ። ዘንድሮ መጠበቁ ሰለቸኝ።»

እህቴ መነጽሯን አወለቀች። «ቆይ፣ ወረቀቱን ካላነበብክ ሱቁን ማን አሳየህ?»

«አፍንጫዬ።»

«የቀለም ማቅጠኛ ሲያሸት የኖረው አፍንጫ?»

«እሱው። ሠላሳ አራት ሱቅ ዞሬ።»

መነጽሯን መልሳ አጠለቀችና አየችኝ።

«አስራ አንድ» አልኩ።

አሁንም አየችኝ።

«ሰባት።»

«ሰባትም ቀላል አይደለም» አለችና ሊጡን ወደኔ መለሰችው። ከሷ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በሕይወቴ አንድ እውነተኛ ጉራ አገኘሁ፤ እሱንም አስቀንሳኝ ነው ያመነችኝ።

እማዬ ክብሪቱን ለማሙሽ ሰጠችው። ሰጥታውም እጁን አልለቀቀችም። «እስቲ ያንተስ ወረቀት ምን ይል ነበር?»

ማሙሽ የምድጃውን በር አዲስ ዕቃ እንዳየ ሰው ያገላብጠው ጀመር። እህቴ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ጠርሙሷን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው። እኔ አጠገቧ ነኝ። የአስራ አንድ ዓመት እርሾ የኖረበት ጠርሙስ እንኳን አጠገብ፣ ግቢ ድረስ መሽተት ነበረበት። ምንም አይሸትም።

ጥቅሏን ሊጡ ላይ ገለበጥኩ። የጠርሙሷ ነገር ለከርሞ ገና ይሆነኛል።