የየካቲት አምስት ገጽ

ከዲማ ማዶ ባለው ደብራችን አንድ ወፍራም ጥራዝ አለ፤ ሦስት መቶ ስድሳ ስድስት ቅጠል፣ ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ። በረዶ የወረደበት፣ ትልቅ ሰው ያረፈበት፣ ልጅ የተወለደበት ዕለት በየገጹ ይጻፋል። ጥር 5 ቀን 2018 ጠዋት የየካቲት አምስት ገጽ ሦስት መስመር ነበረው፦ አንድ በረዶ፣ አንድ የክዳን እድሳት፣ የአንድ ዲያቆን ልደት። የመጋቢት አሥራ አምስት ገጽ ባዶ ነበር።

ልደት የምንጽፈው ማስረጃ ሲጠየቅ፣ በመዝገብ ካለው የክርስትና ቀን ወደ ኋላ ቆጥረን ነው፤ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ። ይህን ሥራ ከያዝሁ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ያን ጠዋት ለስድስት ወንዶች ተማሪዎች የልደት ማስረጃ ጻፍሁ። ከእነሱ ቀጥሎ ዓለምነው መጣ። ልጁን ማርያማዊትን ለገብረ ሚካኤል ልጅ የካቲት አንድ ሊድራት ነው፤ ቀበሌው ግን አሥራ ስምንት ዓመት መሙላቷን የሚያሳይ ወረቀት አምጣ ብሎታል። የተጠመቀችው ሚያዝያ 25 ቀን 2000 ነው። ቆጥሬ መጋቢት 15 ብዬ በጥራዙም በወረቀቱም ጻፍሁ።

«መጋቢት? ጾም ውስጥ?» አለ። «ሁዳዴ የካቲት ዘጠኝ ይገባ የለም እንዴ?»

«ይገባል። እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ ነው።»

«ጌሾው ተወቅጧል እኮ፣ የኔታ!»

«ጌሾ አይበላሽም።»

ወረቀቱን አጥፎ እያጉረመረመ ሄደ።

የጻፍሁትን ሁልጊዜ በአራተኛው ቀን እንደገና እቆጥራለሁ። ስድስቱ ወንዶች ልክ ነበሩ። ለማርያማዊት ግን እንደ እነሱ አርባ ቆጥሬላታለሁ። ሰማንያ ሲሆን ልደቷ የካቲት 5 ነው። የካቲት 8 እሑድ ነው፤ ከጾሙ በፊት ለሠርግ የቀረው የመጨረሻ ቀን።

ወዲያው ተነሥቼ ቤታቸው ሄድሁ። ዓለምነው ይጁቤ ገበያ ወርዷል። ሚስቱ አሰገደች ደጅ ላይ እህል ታበጥራለች።

«የልጅሽን ልደት ተሳስቻለሁ» አልኋት።

«አውቃለሁ። ሰማንያ ቀን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ያልገባሁት እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎስ አሁን ዝም ቢሉ ምን ይሆናሉ?»

ማርያማዊት ደብተሯን እንደያዘች ከውስጥ ወጣች።

«የኔታ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሰኔ ላይ ነው። አባባ ይህን ከሰማ የካቲት ስምንት ይድረኛል። ማረሙን ያርሙት፤ ግን ሁዳዴ ይግባ። ስለ እመቤታችን!»

ወደ ደብሩ ተመልሼ ጥራዙን ሳላርም ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሣጥኑን ከፍቼ ገጹን አየው ነበር።

የካቲት 10 ቀን፣ ጾሙ በገባ በማግስቱ፣ የመጋቢት አሥራ አምስቱን መስመር ሰርዤ በየካቲት አምስት ገጽ አራተኛ አድርጌ ጻፍሁት። አዲሱን ወረቀት ለዓለምነው ወሰድሁለት።

ሳያነበው ኪሱ ከተተው። «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? እነ ገብረ ሚካኤል አልጠበቁንም። ለልጃቸው ከወንዙ ማዶ እስከዳር የምትባል ልጅ አግብተውለታል፤ እሑድ፣ የካቲት ስምንት። የእሷን ወረቀት የጠየቀ የለም።»

ከወንዙ ማዶ ያለው ደብር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በማግስቱ ሄጄ የክርስትና መዝገባቸውን አስከፈትሁ። እስከዳር የተጠመቀችው ኅዳር 30 ቀን 2002 ነው። ሰማንያውን ሁለት ጊዜ ቆጠርሁ፤ ሁለቱም ጊዜ መስከረም 10 ላይ ወደቀ። በሠርጓ ዕለት ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ከሃያ ስምንት ቀን ነበር።